የሚለካ ጥያቄ፣ የሚላክ ቁጥር



በምዕራብ ጎጃም በጃቢ ጠህናን፣ በቡሬ ዙሪያና በወንበርማ በቆሎው ተሰብስቦ ጎተራ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ገበሬ አንድ ጥያቄ ያነሣል፦ ደርቋል ወይስ ገና ነው? መልሱን ፍሬውን በጥርሱ ነክሶ፣ በእፍኙም አንኮሻኩሾ ድምፁን ሰምቶ ያገኘዋል። ልምድ ያለው ሰው እምብዛም አይሳሳትም። ጎተራው ከተዘጋ በኋላ ግን ውስጡ ምን እየሆነ እንደሆነ ጥርስም ጆሮም አይደርስበትም። የእርጥበት መጠኑ ከ13 ወይም ከ14 በመቶ በላይ እንደሆነ የተከማቸ በቆሎ ሻጋታ ያበቅላል፤ ከሻጋታውም አንዳንዱ አፍላቶክሲን የሚባል፣ ለሰውም ለከብትም የማይበጅ መርዝ ያመነጫል። ነቀዙም ሙቀትና እርጥበት ካገኘ ቶሎ ይራባል።

የዛሬው ዲስኩር በትርፍ ጊዜ ስለሚሠራ ኤሌክትሮኒክስ ነው፤ በተለይም ማይክሮኮንትሮለር ስለሚባለው ትንሽ ኮምፒውተርና ያለ ሽቦ መልእክት ስለ መላላክ። መነሻው ከጎተራው በር ላይ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚህ ሙያ የገፉ ብዙዎች የጀመሩት ብዙ ዕቃ በመግዛት ሳይሆን ሊለካ የሚችል አንድ ጥያቄ ይዘው ነው። የምዕራብ ጎጃም ገጠር ደግሞ እንዲህ ባለው ጥያቄ ሀብታም ነው። ጎተራው አለ፣ የንብ ቀፎው አለ፣ የመስኖ ቦዩ አለ፣ የእጅ ፓምፑ አለ፣ የጫጩት ማስፈልፈያ ሣጥኑም አለ።

ማይክሮኮንትሮለር ማስሊያውን፣ ማስታወሻውንና ከውጭ ጋር የሚገናኝባቸውን ፒኖች በአንድ ቺፕ ያጠቃለለ ኮምፒውተር ነው። በልብስ ማጠቢያ፣ በመኪና፣ በቴሌቪዥን ሪሞት ውስጥ ተደብቆ ለዓመታት ሠርቷል። በትርፍ ጊዜ ሠሪዎች እጅ በሰፊው የገባው ግን እ.ኤ.አ. ከ2005 ወዲህ ነው። በዚያ ዓመት በሰሜን ጣሊያን፣ ኢቭሪያ በምትባል ከተማ በነበረ የዲዛይን ተቋም፣ ማሲሞ ባንዚና ዴቪድ ኳርቲዬስ የነበሩበት ቡድን ኢንጂነር ላልሆኑ ተማሪዎች የሚሆን ርካሽ ቦርድ ሠራ። ስሙንም አርዱዊኖ አሉት። ቡድኑ የቦርዱን ንድፍም ሶፍትዌሩንም ማንም ወስዶ እንዲሠራበት ክፍት አድርጎ ለቀቀው። ዛሬ ተመሳሳይ ቦርዶች በጥቂት ዶላር የሚገኙት በዚህ ውሳኔ ምክንያት ነው።

በጣም የታወቀው አርዱዊኖ ኡኖ በሰከንድ 16 ሚሊዮን ጊዜ በሚመታ ሰዓት ይሠራል። ለፕሮግራም 32 ኪሎባይት፣ ለጊዜያዊ ማስታወሻ 2 ኪሎባይት ብቻ አለው። በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶግራፍ እንኳ አይገባበትም። ሙቀት ለክቶ፣ ከገደብ አነጻጽሮ፣ መብራት ለማብራትና ለማጥፋት ግን ከበቂ በላይ ነው። ከእሱ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ የሻንጋዩ ኤስፕሬሲፍ ኩባንያ ኢኤስፒ32 የተባለውን ቺፕ አወጣ። ይህኛው ዋይፋይና ብሉቱዝ በውስጡ ይዞ መጣ፤ ማስታወሻውም 520 ኪሎባይት ነው። ዋጋው ከኡኖ የማይበልጥ በመሆኑ ገመድ አልባ ግንኙነትን ለጀማሪ ቅርብ አድርጎታል።

የመጀመሪያው ቀን ሥራ በዓለም ዙሪያ አንድ ዓይነት ነው፤ አንዲት ኤልኢዲ አምፖል ማብለጭለጭ። ቦርዱ በዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፕ ጋር ይገናኛል፤ አምፖሏና 220 ኦም ሬዚስተር ያለ ሶልደር ብሬድቦርድ በሚባል ቀዳዳማ ሰሌዳ ላይ ይሰካሉ። ሬዚስተሩ ለምን አስፈለገ? ከኡኖ ፒን 5 ቮልት ይወጣል፤ ቀይ ኤልኢዲ 2 ቮልት ገደማ ትወስዳለች፤ የቀረው 3 ቮልት ለ220 ኦም ሲካፈል 14 ሚሊአምፔር ገደማ ይሆናል። ይህ ለአምፖሏም ለፒኑም የማያሰጋ መጠን ነው። ሬዚስተሩ ባይኖር ሁለቱም ሊቃጠሉ ይችላሉ። አንድ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ በፊዚክስ ደብተሯ የጻፈችው የኦም ሕግ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሲሠራ ታያለች። ቁጥሩን ስትቀይር ብርሃኑ ይደምቃል ወይም ይደክማል።

ከአምፖሏ በኋላ ብዙ ሰው ይቆማል፤ ሌላ ዕቃ ሳይገዛ መቀጠል የማይቻል ይመስለዋል። ወደ ጎተራው መመለስ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ዲኤችቲ22 የሚባለው ሴንሰር የአየሩን ሙቀትና እርጥበት ይለካል። በቆሎው መካከል ያለው አየር ከፍሬው ጋር እርጥበት ይቀባበላል። ፍሬው 13 ወይም 14 በመቶ እርጥበት ሲይዝ፣ በ25 ዲግሪ ሙቀት አካባቢ፣ በመካከሉ ያለው አየር ከ65 እስከ 70 በመቶ ድረስ ይሆናል። ስለዚህ ቀዳዳ ባላት ትንሽ ማቀፊያ ተደርጎ በእህሉ መሐል የተቀበረ ሴንሰር በተከታታይ ከ70 በመቶ በላይ ካሳየ፣ በቆሎው ወጥቶ ፀሐይ ላይ ሊሰጣ ይገባዋል ማለት ነው።

ሴንሰሩ እውነት መናገሩ በምን ይታወቃል? ርካሽ ሴንሰር ሁለትም አምስትም በመቶ ሊሳሳት ይችላል። ለዚህ የወጥ ቤት ጨው ይበቃል። በትንሽ ክዳን ላይ ጨው ተደርጎ፣ ሳይሟሟ እርጥብ እስኪሆን ጥቂት ውኃ ጠብ ይደረግበታል። ከሴንሰሩ ጋር በጥብቅ በሚዘጋ ማሰሮ ወይም ብርሌ ውስጥ አብሮ ለብዙ ሰዓት ይቀመጣል። እርጥብ ጨው በክፍል ሙቀት በላዩ ያለውን አየር 75 በመቶ ገደማ ላይ ያቆመዋል። ሴንሰሩ 79 ካለ፣ አራቱን በኮዱ ውስጥ መቀነስ ነው። ይህ ዘዴ በላቦራቶሪም የሚሠራበት ነው፤ ቡሬ ገበያ ላይ በተገዛ ጨውም እኩል ይሠራል።

ሌሎቹም ጥያቄዎች እንዲሁ ናቸው። የንብ መንጋ እጭ በሚያሳድግበት የቀፎ ክፍል ሙቀቱን 34 እና 35 ዲግሪ አካባቢ ይጠብቃል። በብረት ዘንግ ውስጥ የታሸገ ዲኤስ18ቢ20 ሴንሰር ይህን በግማሽ ዲግሪ ትክክለኛነት ይለካል። ሙቀቱ ለቀናት ከወረደ በመንጋው ላይ አንድ ነገር ደርሷል። የዶሮ እንቁላል ለ21 ቀናት 37.5 ዲግሪ አካባቢ ሙቀት ይፈልጋል። ሣጥን፣ አምፖል፣ ሴንሰርና አንድ ሪሌ (በኤሌክትሪክ ምልክት የሚታዘዝ ማብሪያ ማጥፊያ) ያለው ሰው ይህን ማስጠበቅ ይችላል። ከ220 ቮልት መስመር ጋር የሚገናኘውን የሪሌውን ክፍል ግን ልምድ ያለው ኤሌክትሪሽያን ሊያየው ይገባል። ጀማሪ በባትሪና በዩኤስቢ ኃይል ብቻ ቢቆይ ይመረጣል።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጉዳይ፣ ወደ ገመድ አልባው ግንኙነት። በዚህ አገር የሬዲዮ መልእክት አዲስ እንግዳ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1940 የእንግሊዝ ጦር ኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የመራው ሚሽን 101 የተባለው ቡድን ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጎጃም ገባ። የጣሊያንን ወራሪ ጦር ሲዋጉ ከነበሩት አርበኞች ጋር ለመገናኘት የመጣው ይህ ቡድን የሬዲዮ መሣሪያ ይዞ ነበር፤ በእሱም ከጎጃም ደጋ ሆኖ ከካርቱም ጋር ይገናኝ ነበር። በኅዳር ወር ሌላው የእንግሊዝ መኮንን ሜጀር ኦርድ ዊንጌት በትንሽ አውሮፕላን የዓባይ ምንጭ በሆነው በግሽ ዓባይ አገር፣ በሰከላ፣ አረፈ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1941 ቡሬ ነጻ ወጣች። በዚያ ዘመን ለአንድ ቡድን የተሰጠው ሥራ፣ ማለትም አጭር መልእክት ከተራራ ተራራ ማሳለፍ፣ ዛሬ አውራ ጣት በሚያህል ሞጁል ይከናወናል።

ጀማሪ ገመድ አልባ መንገድ ሲመርጥ ሦስት ነገር ይጠይቃል። መልእክቱ ምን ያህል ርቀት ይሂድ? ምን ያህል ይርዘም? ኃይሉስ ከየት ይምጣ?

ርቀቱ ከግቢ የማያልፍ ከሆነ ዋይፋይ ይበቃል። ብዙ ሰው የማያውቀው ነገር አለ፦ ኢኤስፒ32 ያለ ኢንተርኔት፣ ያለ ሲም ካርድም ቢሆን የራሱን ዋይፋይ መፍጠር ይችላል። ገበሬው በስልኩ «ጎተራ» የሚል የዋይፋይ ስም አይቶ ሲገባ የውስጡን ሙቀትና እርጥበት በአንድ ገጽ ያነባል። ይህ ትልቅ ጥቅም አለው። እ.ኤ.አ. ከነሐሴ 2023 ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደነበር ሁሉም ያስታውሳል። ሥራው ሁሉ በሩቅ ሰርቨር ላይ የተንጠለጠለ መሣሪያ በእንዲህ ያለ ጊዜ ዲዳ ይሆናል። ቁጥሩን በራሱ ሚሞሪ ካርድ የሚመዘግብና በራሱ ዋይፋይ የሚያሳይ መሣሪያ ግን አገልግሎቱ አይቋረጥም።

ዋይፋይ የሚሠራበት 2.4 ጊጋኸርዝ ሞገድ ርዝመቱ 12.5 ሳንቲሜትር ነው። እንዲህ ያለ አጭር ሞገድ በክረምት ውኃ ባዘለ ቅጠልና በወፍራም የጭቃ ግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ይዳከማል። ወንዝ ተሻግሮ ያለውን ማሳ ለመድረስ ሎራ የሚባለው ዘዴ ይሻላል። ሎራ በፈረንሳይ ሲክሌዎ በሚባል ድርጅት ተፈልስፎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 ሴምቴክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ገዛው። አሠራሩ ከአፋፍ ወደ አፋፍ የሚጣራ ሰው ከሚያደርገው ጋር ይመሳሰላል፤ ሸለቆ ማዶ ያለውን የሚጣራ ሰው ቃሉን እያስረዘመ፣ ድምፁን እያወጣና እያወረደ ይጠራል እንጂ አያጣድፍም። ሎራም እያንዳንዱን ምልክት በጊዜ ያስረዝምና ድግግሞሹን ከታች ወደ ላይ ያንሸራትታል፤ ተቀባዩም ምልክቱን ከጫጫታው መሐል ለይቶ ያወጣዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 በአውሮፓ በባሉን ላይ የተሰቀለ 25 ሚሊዋት ብቻ ያለው አስተላላፊ 702 ኪሎ ሜትር ርቆ ተሰምቷል። ከባሉን የሚወጣ ሞገድ የሚጋርደው ነገር የለም። በፈጠምና በብር ሸለቆዎች ግን ጉብታና ዛፍ ጣልቃ ይገባሉ፤ ርቀቱም ወደ ጥቂት ኪሎ ሜትር ይወርዳል።

ስለዚህ በእኛ አገር አቀማመጥ ከአስተላላፊው ኃይል ይልቅ የአንቴናው ቦታ ይበልጣል። ዙሪያውን በ100 ሜትር ከሚበልጥ ጉብታ ላይ የተተከለ አንቴና የሬዲዮ አድማሱ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ መሬት ላይ በ2 ሜትር ግንድ የቆመው ደግሞ 6 ኪሎ ሜትር አይሞላም። የአንቴናውም ርዝመት የሚወሰነው በሞገዱ ነው። በ433 ሜጋኸርዝ የሩብ ሞገድ ሽቦ 17 ሳንቲሜትር ያህል ይሆናል፤ በ868 ሜጋኸርዝ ደግሞ ግማሹ። ጀማሪው ሽቦውን በማስመሪያ ለክቶ መቁረጥ ይችላል።

የርቀቱ ሦስተኛ መንገድ የስልክ መስመር ነው። ሲም ካርድ የሚቀበል ሞጁል ካለ መሣሪያው አጭር መልእክት ለማንኛውም ስልክ ይልካል። ገበሬው ከስልክ ምክር መቀበል ለምዷል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተጀመረው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር በአማርኛም በሌሎች ቋንቋዎችም የሚያገለግል ነው። እዚህ ላይ የፊደላችንን ጉዳይ ማወቅ ይጠቅማል። በላቲን ፊደል አንድ አጭር መልእክት 160 ፊደል ይይዛል፤ በአማርኛ ግን 70 ብቻ ነው፤ እያንዳንዱ የግዕዝ ፊደል 16 ቢት ስለሚወስድ። 70 ግን ትንሽ አይደለም። «የጎተራው እርጥበት 75 በመቶ ደርሷል» የሚለው ባዶ ቦታው ተቆጥሮ 23 ብቻ ነው። የአማርኛ አንዱ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም አብሮ ስለሚይዝ ዐረፍተ ነገሩ ያጥራል። ሞጁሉ በአማርኛ እንዲልክ ፊደሎቹ በዩኒኮድ ቁጥራቸው መሰጠት አለባቸው፤ ለምሳሌ የ«ሀ» ቁጥር በሄክሳዴሲማል አጻጻፍ 1200 ነው። ሌላው መሰናክል ኃይል ነው። ሲም800ኤል የተባለው ርካሽ ሞጁል መልእክት በሚልክበት ቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። በዩኤስቢ ገመድ ብቻ የተሰጠው ኃይል ስለማይበቃው ሳይታሰብ ጠፍቶ ይነሣል። ጀማሪው ኮዱ ተሳስቷል ብሎ ሰዓታት ሲያባክን፣ ችግሩ የነበረው የኃይል አቅርቦቱ ላይ ነው።

ስለ ኃይል ከተነሣ፣ መሣሪያው በገጠር የሚኖረው በባትሪና በትንሽ የሶላር ሰሌዳ ነው። 2000 ሚሊአምፔር ሰዓት የሚይዝ የሊቲየም ባትሪ፣ ሳያቋርጥ 100 ሚሊአምፔር ለሚወስድ ኢኤስፒ32 20 ሰዓት ብቻ ይበቃዋል። ያው መሣሪያ ተኝቶ በየሰዓቱ ለ10 ሰከንድ ብቻ ቢነቃና ሲተኛ ግማሽ ሚሊአምፔር ቢወስድ፣ አማካዩ ከአንድ ሚሊአምፔር በታች ይወርዳል፤ ባትሪውም ከሦስት ወር በላይ ይዘልቃል። ለጎተራ በየደቂቃው መለካት አያስፈልግም። የእህል እርጥበት በቀን ውስጥ እምብዛም አይለዋወጥም። ጥያቄውን ያወቀ ሰው ባትሪውን ይቆጥባል።

በቁጥር ብቻ ማሳየትም ሁልጊዜ አይጠቅምም። ይህን የተማሩት የመስኖ ተመራማሪዎች ናቸው። በሜጫ፣ መራዊ አጠገብ፣ 7000 ሄክታር ለማልማት በተሠራው የቆጋ መስኖ፣ ገበሬዎች ውኃ ከልክ በላይ እንዳይለቁ የሚረዳ መሣሪያ ተሞክሯል። አፈር ውስጥ የሚቀበር የፈነል ቅርጽ ያለው ዕቃ ነው፤ ውኃው ወደ ሥሩ ጥልቀት ሲደርስ በውስጡ ያለ ተንሳፋፊ ወደ ላይ ብቅ ይላል፤ ገበሬው ያየውና ውኃውን ይዘጋል። ኤሌክትሪክ የሚባል ነገር የለበትም። የፈለሰፉት የአውስትራሊያው ተመራማሪ ሪቻርድ ስቲርዘከር ሲሆኑ፣ በኋላ ካሚሊዮን የሚባል የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያም ሠርተዋል። ይህኛው በሦስት ቀለም መብራት ይናገራል፤ ሰማያዊው አፈሩ እርጥብ መሆኑን፣ አረንጓዴው መካከለኛ መሆኑን፣ ቀዩ መድረቁን ያሳያል። ሠንጠረዥ ማንበብ አይጠይቅም። የጎተራውም መሣሪያ በሦስት አምፖል ቢናገር፣ ስልክ የሌላቸው አሮጊት እናትም ቢሆኑ ያነቡታል።

በኬንያ ኪዩሶ በሚባል ስፍራ የተደረገ ሥራም ለምዕራብ ጎጃም ጥያቄዎች ቅርብ ነው። የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በእጅ ፓምፕ እጀታ ውስጥ እንቅስቃሴ የሚለካ ሴንሰርና የሞባይል መልእክት መላኪያ አስገቡ። እጀታው ሲንቀሳቀስ ይቆጥራል፤ እንቅስቃሴው ሲጠፋ ፓምፑ ተበላሽቷል ተብሎ ጠጋኝ ይላካል። እ.ኤ.አ. በ2013 አካባቢ በተደረገው ሙከራ ፓምፕ ተበላሽቶ የሚቆይበት አማካይ ጊዜ ከ27 ቀን ገደማ ተነሥቶ ከ3 ቀን በታች ወረደ። ለውጡን ያመጣው ሴንሰሩ ብቻ አልነበረም፤ መልእክቱን ተቀብሎ የመጠገኛ መሣሪያ ይዞ የሚሄድ ሰው ስለነበረ ነው።

ከእኛው አጠገብ ደግሞ በአዊ ዞን ዳንግላ ወረዳ ዳንገሽታ የሚባል ቀበሌ አለ። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ የቀበሌው ነዋሪዎች የዝናቡን፣ የወንዙንና የጉድጓዱን የውኃ መጠን በእጃቸው እየለኩ በደብተር ሲመዘግቡ ነበር። ተመራማሪዎች መዝገቡን ከሌሎች መለኪያዎች ጋር አነጻጽረው፣ ለሳይንስ የሚበቃ ጥራት እንዳለው አሳይተዋል። ማንም ሰው የዝናብ መለኪያ ቦርድ ከመሥራቱ በፊት እንዲህ ያለውን ደብተር ቢጀምር ሁለት ነገር ያገኛል። አንደኛ፣ መሣሪያው ሲሳሳት የሚያርመው ማስረጃ ይኖረዋል። ሁለተኛ፣ መሣሪያው በመብረቅ ወይም በጉንዳን ሲበላሽ መረጃው አይቋረጥም።

ሕግን በተመለከተ አንድ ነገር መታወቅ አለበት። የአየር ሞገድ የሕዝብ ሀብት ነው። በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ይቆጣጠረዋል። ሎራ ሞጁል የሚገዛ ሰው በተለይ 915 ሜጋኸርዝ ከሚለው ይጠንቀቅ። እሱ የተሠራው ለአሜሪካ አህጉር ሲሆን፣ በእኛ አገር እስከ 915 ድረስ ያለውን ሞገድ የሞባይል ስልኮች ወደ ማማው ለመናገር ይጠቀሙበታል። በሌላ ድግግሞሽም ቢሆን ከማስተላለፍ በፊት ባለሥልጣኑን መጠየቅ ይገባል። ከዚህ በላይ ለመራመድ ለሚሻ ደግሞ የአማተር ሬዲዮ አለ። በአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ውስጥ ኢቲ3ኤኤ በሚል የጥሪ ስም የሚታወቅ የአማተር ጣቢያ ይገኛል፤ በእሱም ተማሪዎች ከሌላ አህጉር ካሉ ሰዎች ጋር በአየር ላይ ተነጋግረዋል።

መማሪያ ቦታስ? ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ1963 ከተቋቋመው የፖሊ ቴክኒክ ተቋም ጀምሮ የመጣ ታሪክ አለው፤ በናሳ የሠሩት ኢንጂነር ቅጣው እጅጉ ከዚያ ፖሊ ቴክኒክ ወጥተው ነው ወደ ጃፓንና ወደ አሜሪካ የዘለቁት። ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በቡሬ ካምፓስ አለው። የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በፍኖተ ሰላምም በቡሬም ይገኛሉ። ከሁሉ የቀረበው አስተማሪ ግን በየመንገዱ ዳር ያለው የሞባይል ጠጋኝ ነው። ሶልደር የያዘ እጁ አይንቀጠቀጥም፤ መልቲሜትር ያነባል፤ ከተጣለ ስልክ ባትሪና ማገናኛ ማውጣት ያውቃል። አንድ የትምህርት ቤት ክበብ ሁለት ቦርድ፣ አራት ሴንሰርና አንድ የቆየ ላፕቶፕ ይዞ፣ ጠጋኙን በሳምንት አንድ ቀን እንዲያግዘው ቢለምን፣ የፊዚክስ መምህሩ ደግሞ የቁጥሩን ትርጉም ቢያስረዳ፣ የጎደለው ነገር ትንሽ ነው።

የክበቡም ሥራ በዚህ ቅደም ተከተል ሊሄድ ይችላል። በጥቅምት አምፖል ማብለጭለጭና ሴንሰሩን በጨው መፈተን፤ በኅዳር የበቆሎ መሰብሰብ ሲጀመር ከተማሪዎቹ በአንዷ ቤት ጎተራ ውስጥ ሴንሰሩን ቀብሮ በየቀኑ በደብተርም በካርድም መመዝገብ፤ በጥር ቁጥሩን በዋይፋይ ወደ ስልክ ማምጣት፤ በመጋቢት የሦስቱን አምፖል ሣጥን ለባለ ጎተራው ሰጥቶ፣ መብራቱን አይቶ እህሉን ማውጣት አለማውጣቱን መጠየቅ። የሎራው ሥራ ከዚያ ይቀጥላል፤ ፈቃዱ ተጠይቆ፣ አንቴናው ተለክቶ፣ ጎተራውን ከሚያየው ጉብታ ላይ ማን እንደሚተክለው ከባለ መሬቱ ጋር ከተስማሙ በኋላ።